ገመዱን ለመሳብ የሚደፍር ሠራተኛ
በነባር ድርጅቶች ውስጥ ፈጠራና የአሠራር ባህል እንዴት ይለወጣል?

አንድ ትልቅ ድርጅት ሲወድቅ «አዲስ ሐሳብ አጥቶ ነው» ማለት ይቀናናል። መዝገቡ ሲገለጥ ግን ሐሳቡ ብዙ ጊዜ እዚያው ቤት ውስጥ ተወልዶ ይገኛል። የኮዳክ ታሪክ የታወቀው ማስረጃ ነው። ስቲቭ ሳሶን የተባለ ወጣት መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1975 (ቀጥሎ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በኩባንያው ቤት፣ በኒውዮርኳ ሮቸስተር፣ ዲጂታል ካሜራ ሠራ። ካሜራው 3.6 ኪሎ ገደማ ይመዝን ነበር፤ አንድ ምስል በካሴት ላይ ለመቅዳት 23 ሰከንድ ይፈጅበታል። ኮዳክ ግን እንጀራው ፊልምና የፎቶ ወረቀት ነበርና ፊልም የማይፈልገውን ካሜራ ወደ ገበያ ለማውጣት አልቸኮለም። በጥር 2012 ከአበዳሪዎቹ የሕግ ከለላ ለመጠየቅ ተገደደ።

ተፎካካሪው ፉጂፊልም የገጠመው ፈተና ያው ነበር። በሺጌታካ ኮሞሪ አመራር የፎቶ ፊልም ዘርፉን በድፍረት አሳነሰና በእጁ ያለውን የኬሚስትሪ ዕውቀት ለስክሪን መሥሪያ ሽፋኖች፣ ለመድኃኒት፣ አልፎ ተርፎም ለፊት ቅባት አዋለው። ፊልም ለመሥራት ስለ ኮላጅን ያጠናው ሁሉ ለቆዳ እንክብካቤም ጠቀመውና የመዋቢያ ምርቶችን ለገበያ አቀረበ።

የሃርቫርዱ ክሌይተን ክሪስቴንሰን በ1997 ባሳተመው መጽሐፍ ነባሮች ለምን እንደሚቀደሙ አስረድቷል። እሱ እንደሚለው ጥፋቱ ከስንፍና አይመጣም። ጎበዝ ሥራ አስኪያጅ ትልልቅ ደንበኞቹን ያዳምጣል፣ ገንዘቡንም ትርፍ ወዳለበት ይመድባል። ስለዚህም መጀመሪያ ላይ ርካሽና ደካማ መስሎ የሚመጣውን አዲስ ነገር ይንቀዋል። ማብራሪያው ጠንካራ ነው፤ ለእኔ ግን ግማሹን ብቻ ይመልሳል። ገንዘቡ ለምን ወደዚያ እንደማይሄድ ይነግረናል፤ ችግሩን በዓይኑ የሚያየው ሠራተኛ ለምን ዝም እንደሚል ግን አይነግረንም።

ወደዚህኛው ጥያቄ የሚጠጉት የድርጅት ባህል አጥኚዎች ናቸው። ከርት ሌዊን በ1940ዎቹ ለውጥ የሚመጣው የቆየው ልማድ ከላላ በኋላ እንደሆነ አስተማረ። ጆን ኮተር በ1996 ያወጣቸው ስምንት ደረጃዎች ዛሬም በየሥልጠና አዳራሹ ይነበባሉ። እኔ ከሁሉም የማስበልጠው ኤድጋር ሻይንን ነው። በ1985 መጽሐፉ የድርጅት ባህል ሦስት ንብርብር እንዳለው አሳይቷል፦ ላይ ላዩን የሚታየው፣ በመፈክርና በደንብ የሚነገረው፣ ከሥር ደግሞ ማንም ሳይናገረው ሁሉም የሚያምነው። ለውጥ የሚሰናከለው ሦስተኛው ላይ ነው።

ሦስተኛው ንብርብር ሊለወጥ እንደሚችል ያሳየችው የካሊፎርኒያዋ ፍሪሞንት ናት። እዚያ የነበረው የጄኔራል ሞተርስ መኪና መገጣጠሚያ በመጥፎ ስም የታወቀ ነበር። ሠራተኛው ከሥራ ይቀራል፣ ማኅበሩና አስተዳደሩ ዓይንና ናጫ ናቸው፣ የሚወጣው መኪና እንከኑ ብዙ ነው። በ1982 ተዘጋ። በ1984 ጄኔራል ሞተርስና ቶዮታ ኑሚ በሚል ስም በሽርክና መልሰው ከፈቱት። የተቀጠሩት በአብዛኛው እነዚያው የቀድሞ ሠራተኞች ነበሩ፤ ማኅበራቸውም አልተለወጠም።

በአሮጌው አሠራር የመገጣጠሚያ መስመሩን ማስቆም ትልቁ ነውር ነበር። ጉድለት ቢታይም መኪናው ያልፋል፤ ጥገናው ለኋላ ይቆያል። በአዲሱ አሠራር ግን ሠራተኛው እጁን ዘርግቶ የሚደርስበት ገመድ ተዘረጋ። ብሎን አልገባ ያለው ሰው ገመዱን ይስባል፤ መብራት ይበራል፣ ዜማ ይሰማል፣ የቡድን መሪው ፈጥኖ ይደርሳል። ችግሩ በዚያው የሥራ ዙር ካልተፈታ መስመሩ ይቆማል። ቁም ነገሩ መሪው ደርሶ በሚናገራት የመጀመሪያ ቃል ላይ ነው። «ምን አጠፋህ?» ካለ ገመዱን ዳግመኛ የሚስብ አይኖርም። «ምን ላግዝህ?» ካለ ሰውየው ነገም ይስባል። ይህን በቃል ከማስተማር ይልቅ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞችን ጃፓን ልከው ከቶዮታ ባልደረቦች ጎን አሠሯቸው። ብዙም ሳይቆይ የፋብሪካው ጥራት ለጄኔራል ሞተርስ አርአያ ለመሆን በቃ፤ ከሥራ መቅረቱም እጅግ ቀነሰ። በጅምሩ የነበረው ጆን ሹክ በኋላ እንደጻፈው አስቀድሞ የተለወጠው የሰዎቹ አድራጎት ነው፤ አስተሳሰባቸው ተከትሎ መጣ።

ጄኔራል ሞተርስ ግን ይህን ወደ ሌሎች ፋብሪካዎቹ ለማዳረስ ረጅም ዓመታት ፈጀበት። በሎስ አንጀለሱ ቫን ናይስ ፋብሪካ ተሞክሮ አልተሳካም፤ ፋብሪካውም በ1992 ተዘጋ። አለቃው የሚመዘነው ባወጣው መኪና ብዛት እስከሆነ ድረስ መስመር የሚያስቆም ሠራተኛ ባላጋራው ነው።

ምዘና እንዲህ ሥር የሰደደ ኃይል አለው። ማይክሮሶፍት ለዓመታት ሠራተኞቹን እርስ በርስ አወዳድሮ ደረጃ ይሰጥ ነበር፤ ቡድኑ ምንም ያህል ጎበዝ ቢሆን ዝቅተኛ ነጥብ የሚደርሰው ሰው አይጠፋም። በዚህ ሁኔታ ባልደረባን መርዳት ራስን መጉዳት ይሆናል። አሠራሩ የተሻረው በ2013 ነው፤ ሳትያ ናዴላ በማግስቱ ዓመት የኩባንያውን አመራር ሲይዝ ስለ መማማር የተናገረው ሰሚ ያገኘው አንድም በዚህ ይመስለኛል። ተመራማሪዋ ኤሚ ኤድመንድሰንም በሆስፒታሎች ባደረገችው ጥናት የተሻለ የሚሠሩት የሕክምና ቡድኖች ብዙ ስሕተት የሚያስመዘግቡ ሆነው አግኝታለች። ልዩነቱ ስሕተታቸውን ሳይፈሩ መናገራቸው ነበር።

አዲሱን ሥራ ከእናት ድርጅቱ ለይቶ ማቋቋምም አንድ መንገድ ነው። አይቢኤም የ1981 የግል ኮምፒውተሩን በፍሎሪዳ በተለየ ቡድን አሠርቶ ተሳክቶለታል። ዜሮክስ ግን ካሊፎርኒያ ውስጥ ባቋቋመው የምርምር ማዕከል በ1973 ድንቅ ኮምፒውተር ቢሠራም ዋናው ኩባንያ ሊጠቀምበት አልቻለም።

በአገራችን የለውጥ መሣሪያ እጥረት የለም። ቢፒአር (መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ)፣ ቢኤስሲ (ሚዛናዊ የውጤት መመዘኛ)፣ የዜጎች ቻርተር፣ የለውጥ ሠራዊት ተራ በተራ መጥተዋል። በየጠረጴዛው ይንከራተት የነበረ ጉዳይ በአንድ መስኮት እንዲያልቅ ያደረጉባቸው መሥሪያ ቤቶች አሉ፤ ይህ ሊካድ አይገባም። ሥራን በየጊዜው ጥቂት በጥቂት የማሻሻል የጃፓን ዘዴ የሆነው ካይዘን ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በ2008 ለጃፓን ባቀረቡት ጥያቄ መጣ። በጃፓን ዓለም አቀፍ የትብብር ድርጅት (ጃይካ) ድጋፍ በ30 ፋብሪካዎች ከተሞከረ በኋላ የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት በ2011 ተቋቋመ። ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድና ማዝለቅ የሚሉት አምስቱ «ማ»ዎች ከዚያ ወዲህ በየፋብሪካው ግድግዳ ይነበባሉ። የመፍቻና የፒንሳ ቅርጽ በቀለም የተሣለበት ሰሌዳ ይሰቀላል፤ ዕቃ ሲጎድል ማንም ያያል፣ ለፍለጋ ይባክን የነበረው ጊዜም ለሥራ ይውላል።

ሰሌዳውን መስቀል ግን የሚታየው ንብርብር ነው። በየመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ያለው የአስተያየት መስጫ ሣጥንም እንዲሁ፤ ጽሑፉን የከተተው ሰው መልስ የሚያገኝበት ቀን ካልተቆረጠለት ሁለተኛ አይጽፍም። በግምገማ ስብሰባ ላይ ችግር ያነሣ ሠራተኛ «አፍራሽ» ተብሎ ከተመለሰ በአዳራሹ ያሉት ሁሉ ትምህርቱን ይቀስማሉ። ስለዚህ ሌላ የለውጥ መሣሪያ ከመጨመራችን በፊት የኃላፊዎች የሥራ አፈጻጸም መመዘኛ ቅጽ ላይ ሁለት ጥያቄዎች ቢገቡ እመርጣለሁ፦ በዚህ መንፈቅ ከበታችዎ ስንት ችግር ቀረበልዎ? ከቀረበልዎት ስንቱ ተፈታ?