የስሪት አገር ማረጋገጫና የደሴ–ኮምቦልቻ አነስተኛ አምራች

ኮምቦልቻ ለውጭ ንግድ የሚያስፈልገው ብዙ ነገር ተሟልቶላታል፦ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀ ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ደረቅ ወደብ፣ በባቲና በሚሌ አድርጎ ጅቡቲ የሚያደርስ መንገድ። የደሴና የኮምቦልቻ አነስተኛ አምራች ግን ከዚህ ሁሉ ሊጠቀም የሚችለው የስሪት አገር ማረጋገጫን ሲያውቅ ነው። ነጻ የንግድ ስምምነት ቀረጥ የሚቀንሰው ለዕቃው እንጂ ለነጋዴው አይደለም፤ ዕቃው የት እንደተሠራ በጽሑፍ ካልተረጋገጠ የገዢው አገር ጉምሩክ ሙሉውን ቀረጥ ያስከፍላል። ኢትዮጵያ በ2010 ዓ.ም. ኪጋሊ ላይ ፈርማ በ2011 ዓ.ም. ባጸደቀችው የአፍሪካ አህጉራዊ ነጻ የንግድ ቀጣና ደንብ መሠረት የወሎ ማር ወይም እዚሁ ካደገ በግ የተገኘ ቆዳ ያለ ጥያቄ የአገር ውስጥ ምርት ነው። ከውጭ በመጣ ክር የተሠራ ልብስ ግን ለዓይነቱ የወጣውን መስፈርት ማሟላት አለበት። ዋጋው ከ5,000 የአሜሪካ ዶላር ለማይበልጥ ጭነት ደግሞ ላኪው ራሱ በደረሰኙ ላይ የሚጽፈው መግለጫ ይበቃል። ይህ የደንቡ አንቀጽ ለትንሹ ነጋዴ ታስቦ የተጻፈ ያህል ነው።

«አጎዋም ዕድል ነበር፤ በ2014 ዓ.ም. ተነጠቅን» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ነገር ግን አጎዋ የአፍሪካ ምርቶች ከቀረጥ ነጻ እንዲገቡ አሜሪካ በራሷ ሕግ የሰጠችው፣ በራሷ ውሳኔም የምታነሳው ፈቃድ ነው። ቀጣናው ግን አገሮች እርስ በርስ የተዋዋሉት ውል ስለሆነ አንዱ ብቻውን ሌላውን አያስወጣም። ሌላው መቃወሚያ ይበልጥ ይከብዳል፦ የቀረጥ ቅናሽ የማጓጓዣ ዋጋ አይቀንስም፣ ገዢም አያመጣም። ስለዚህ አምራቾች በኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅተው ጭነታቸውን አንድ ላይ መላክ፣ ጥሬ ዕቃውን ከማን እንደገዙም መዝግበው መያዝ ይኖርባቸዋል፤ መዝገብ የሌለው መግለጫ በምርመራ ጊዜ ይወድቃል።

ለዚህ የሚያስፈልገው ድጋፍ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የደሴና የኮምቦልቻ ንግድ ጽሕፈት ቤቶች፣ የንግድ ምክር ቤቶችና የወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተባብረው አንድ የምክር ዴስክ ቢከፍቱ ለሦስት ጥያቄዎች መልስ ይሰጣሉ፦ የምርቱ የታሪፍ ቁጥር ስንት ነው? ገዢው አገር ለዚህ ቁጥር ምን ያህል ቀረጥ ቀንሷል? ምርቱስ የስሪት አገር መስፈርቱን ያሟላል? ኢትዮጵያ በቀጣናው የመጀመሪያ ጭነቶቿን በመስከረም 2018 ዓ.ም. ልካለች። ስምምነቱ የሌሎች አገሮችን ዕቃም ወደ ገበያችን ያስገባል፤ ፉክክሩ የማይቀር ከሆነ አነስተኛ አምራቾቻችን ጥቅሙንም እንዲያገኙ ማገዝ ግዴታችን ነው።