የጋዜጣ ገጽ፦ ተረትና እውነታ

አንድ ጋዜጣ ለማንበብ ሲያስቸግር ጥፋቱ በወረቀቱ፣ በማተሚያ ቤቱ ወይም በአንባቢው ዓይን ይሳበባል። ገጹ እንዴት እንደተቀናበረ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ፖይንት፣ ዓምድ፣ ርዕስ፣ ታብሎይድ የሚሉት የሙያው ቃላት በየዝግጅት ክፍሉ በየቀኑ ይጠራሉ፤ አብረዋቸው ግን ብዙ የተሳሳቱ እምነቶች ይዞራሉ።

«12 ፖይንት የትም 12 ፖይንት ነው» የሚለው አንዱ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ጽሑፍ ሲቀበል «በ12 ይጻፍ» ብሎ ካዘዘ የሁሉም ጽሑፍ ፊደል እኩል የሚሆን ይመስለዋል። አይሆንም። በኮምፒውተር 72 ፖይንት አንድ ኢንች ነው፤ አንዱ ፖይንት 0.35 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። በዚህ የሚለካው ግን ፊደሉ ራሱ አይደለም። ፊደል ከብረት ይቀረጽ በነበረበት ዘመን የሚለካው ፊደሉ የተቀረጸበት የብረት ቁራጭ ነበር። ኮምፒውተርም ይህን ልማድ ወርሷል፤ ብረቱ ቀርቶ በቦታው የማይታይ ሳጥን ገባ። ፊደሉ ሳጥኑን ምን ያህል ይሙላው የሚለውን የሚወስነው ፎንቱን የሠራው ሰው ነው። አንድን ዐረፍተ ነገር በኒያላና በኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ፎንቶች በእኩል 12 ፖይንት ብታትሙት የኒያላው አነስና ጠበብ፣ የኖቶው ሰፋና ደመቅ ብሎ ይወጣል። እንግዲህ የፊደል መጠን የሚመረጠው በቁጥር ሳይሆን በዚያው በሚታተምበት ወረቀት ላይ ናሙና አውጥቶ በማየት ነው።

ከሁሉ በላይ ገጾቻችንን የጎዳው ግን ሌላ እምነት ነው፤ «ዓምዱ በግራም በቀኝም ቀጥ ካላለ ገጹ ሙያ የጎደለው ይመስላል» የሚለው። በሰፊ ዓምድ ላይ ሁለቱንም ጠርዝ ማስተካከል ያምራል። በጠባብ የጋዜጣ ዓምድ ላይ አማርኛ ሲገባ ግን ምን እንደሚፈጠር በአንድ መስመር እንየው። ዓምዱ 18 ፊደል ይይዛል እንበል። ጽሑፉ «ነዋሪዎቹ ውኃ እንደሚያስፈልጋቸው» ይላል። የመጀመሪያው ቃል 5፣ ሁለተኛው 2፣ ሦስተኛው 11 ፊደል አለው። በቃላቱ መካከል ያሉት ሁለት ክፍተቶች ሲታከሉ ሦስተኛው ቦታ ስለማይበቃው ወደ ታች ይወርዳል። የቀሩት ሁለት ቃላት ከሁለቱ ጠርዝ ጋር እንዲጣበቁ ሲገደዱ «ነዋሪዎቹ» ግራ ጥግ፣ «ውኃ» ቀኝ ጥግ ይይዛሉ፤ በመካከላቸው 11 ፊደል የሚያህል ባዶ ይከፈታል። እንዲህ ያለው መስመር በአንድ ዓምድ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲደጋገም ዓይን ከላይ ወደ ታች በሚወርደው ነጭ ስንጥቅ ይሳባል፣ አንባቢውም የያዘውን መስመር ይስታል። አንዳንዱ ባለሙያ ክፍተቱን ለመሸፈን ፊደሎቹን ይለጥጣል ወይም ያጠብባል፤ ይህ ደግሞ ከስንጥቁ የባሰ ነው።

ከዚህ ተነስቶ «ግዕዝ ለሕትመት አይመችም» የሚል አይጠፋም። የግዕዝ ፊደል ግን ወደ ማተሚያ የገባው ጥንት ነው። ዮሐንስ ፖትከን መዝሙረ ዳዊትን ሮም ላይ በግዕዝ ያሳተመው በ1513 እ.ኤ.አ. ነበር፤ በዚያችው ከተማ የኖረው ኢትዮጵያዊው መነኩሴ ተስፋ ጽዮን ደግሞ ሐዲስ ኪዳንን በ1548 እና 1549 አሳትሟል። የቀድሞዎቹ ጸሐፍት ለዛሬው የጠባብ ዓምድ ችግር መፍትሔ ነበራቸው፤ ሁለት ነጥብ። ቃል የት እንደሚያበቃ ሁለት ነጥቡ ስለሚናገር መስመሩ በሞላበት ቦታ ቃሉን በማንኛውም ፊደል ላይ ቆርጠው ቀሪውን ወደ ታች ያወርዱት ነበር፤ ሰረዝም አያስፈልጋቸውም። በዚህ ስልት ከላይ ያየነው መስመር «ነዋሪዎቹ፡ውኃ፡እንደሚያስፈልጋ» ሆኖ 18ቱን ቦታ እኩል ይሞላል፤ «ቸው» የሚቀጥለውን ይጀምራል። ሁለት ነጥብ በባዶ ቦታ ሲተካ ይህ ሁሉ አብሮ ጠፋ። በባዶ ቦታ መጻፉ ዛሬ ስለተለመደ አንባቢን በግድ ወደ ኋላ መመለስ አይቻል ይሆናል። ያ ከሆነ በጠባብ ዓምድ ላይ ግራውን ብቻ አስተካክሎ ቀኙን መልቀቅ ይሻላል፤ እኔ ይህን ያለ ማመንታት እመርጣለሁ። ካልሆነም ዓምዱን ማስፋት ነው።

ፊደልን አጋድሞ ማጉላትም ከላቲን የተዋስነው ነው። የተጋደመውን የላቲን ፊደል ለሕትመት ያዋለው የቬኒሱ አሳታሚ አልዱስ ማኑቲየስ በ1501 እ.ኤ.አ. ገደማ ሲሆን መነሻው የእጅ ጽሕፈት ነበር። በግዕዝ የብራና መጻሕፍት የከበረ ስም የሚለየው በቀይ ቀለም ነው። ኮምፒውተር በጉልበት ያጋደመው ግዕዝ በትንሽ መጠን ሲታተም ለማንበብ ይከብዳል፤ ደመቅ ያለ ፊደል ይበቃዋል።

«ታብሎይድ» ሲባል ብዙ ሰው ሐሜትና ቅሌት ይታየዋል። በገጽ ቅንብር ግን የመጠን ስም ነው፤ የትልቁ ብሮድሺት ግማሽ ገደማ ማለት ነው። የለንደኑ ታይምስ በ2004፣ ጋርዲያን በ2018 እ.ኤ.አ. ወደዚህ መጠን ወርደዋል።

በመጨረሻም ርዕስ። ርዕሱ ያላማረው አንባቢ ስሙ ከሥር የተጻፈውን ጋዜጠኛ ይወቅሳል። በብዙ ዝግጅት ክፍሎች ግን የመጨረሻውን ርዕስ የሚሰጠው አርታኢው ነው። ምክንያቱም ርዕስ የሚጻፈው ለዜናው ብቻ ሳይሆን ለቦታውም ነው፤ በአንድ ዓምድ ላይ የሚገባውና በአራት ዓምድ ላይ የሚዘረጋው አንድ ዓይነት ሊሆን አይችልም፤ ዜናው የት እንደሚወድቅ ደግሞ ጋዜጠኛው ሲጽፍ አያውቅም። ዘገባው ያላለውን ርዕሱ ካለ፣ ቅሬታው በቀጥታ ለዋና አዘጋጁ ይጻፍ።