የመጋዘኑ ቁልፍና የስልኩ ምስጢር ቁጥር

ኅዳር ሲገባ በፎገራ ሜዳ የሩዝ አጨዳው ይጧጧፋል። የወረታ ነጋዴም መጋዘኑን ያስጠግናል፣ ቁልፍ ይለውጣል፣ ጥበቃ ይቀጥራል። ለዚህ የሚወጣውን ብር ማንም ብክነት አይለውም። የባንክና የቴሌብር ሒሳብ የሚንቀሳቀስበት ስልክ ግን ብዙ ጊዜ ጠረጴዛ ላይ ይውላል፤ ምስጢር ቁጥሩን ጸሐፊውም ሚዛን ያዡም ያውቁታል።

ቴሌብር ሥራ የጀመረው በግንቦት 2013 ዓ.ም ነው። ዛሬ የሩዝም የሽንኩርትም ዋጋ በስልክ ይከፈላል፤ ሌባውም ገንዘቡን ተከትሎ ወደ ስልክ ገብቷል። ስልቱ ረቂቅ ዕውቀት አይጠይቅም። ገዥ ነኝ ባይ በዋጋ ይስማማል፤ ገንዘብ መላኩን የሚያሳይ ደረሰኝ በፎቶ ይልካል፤ ሩዙ ይጫናል። ሻጩ ሒሳቡን ከፍቶ ደረሰኙ ሐሰተኛ መኾኑን ሲረዳ መኪናው አዲስ ዘመንን አልፏል። ሌላው ደግሞ የባንክ ሠራተኛ መስሎ ይደውልና በአጭር መልዕክት የደረሰውን ቁጥር ይጠይቃል። ባንክ ምስጢር ቁጥር በስልክ አይጠይቅም።

አደጋው ሁልጊዜ ከውጭ አይመጣም። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች ከሒሳባቸው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ችለው ነበር። ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ ወጥቷል፤ አብዛኛው ኋላ ተመልሷል። ባንኩ ክስተቱ የሳይበር ጥቃት ሳይኾን ከራሱ የሥርዓት ማሻሻያ ጋር የተያያዘ መኾኑን አስታውቋል። ትልቅ ባንክ በአንድ ሌሊት ስሕተት ይህን ያህል ከተፈተነ፣ የአባላቱን ሒሳብ በአንድ ኮምፒውተር ብቻ የያዘ የኅብረት ሥራ ማኅበርስ?

ደረቅ ወደብ ላላት ወረታ የሚቀርብ ሌላ ምሳሌ አለ። በሰኔ 2009 ዓ.ም ሜርስክ የተባለው የዴንማርክ የመርከብ ኩባንያ በኮምፒውተር ቫይረስ ተመታ፤ ኪሳራው ከ200 እስከ 300 ሚሊዮን ዶላር ተገምቷል። የኔትወርኩ ዋና መዝገብ በየሀገሩ ባሉ ቢሮዎቹ ሲጠፋ አንድ ቅጂ ብቻ ተረፈ፤ እርሱም ጋና ውስጥ። የተረፈው በጥቃቱ ሰዓት በጋናው ቢሮ መብራት ጠፍቶ ስለነበር ነው። በመብራት መቆራረጥ የሚማረር የወፍጮ ቤት ባለቤት ይህን ሲሰማ ፈገግ ሳይል አይቀርም፤ ነገር ግን ያ ኩባንያ የዳነው በዕድል እንጂ በዝግጅት አልነበረም።

ዝግጅቱ ለአነስተኛ ነጋዴ ውድ አይደለም። ለንግዱ ብቻ የሚያገለግል ስልክ መለየት፣ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱን የይለፍ ቃል መስጠት፣ ከፍ ያለ ክፍያ በሁለት ሰው ማረጋገጫ ብቻ እንዲወጣ ማድረግ፣ የሒሳብ መዝገቡን ቅጂ ከኮምፒውተሩ ተለይቶ በሌላ ቦታ ማስቀመጥ። ወጪው ከአንድ መኪና ሩዝ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ከሁሉም የሚከብደው ልማድን መለወጥ ይመስለናል፤ ዘመድ የኾነን ጸሐፊ «ቁጥሩን አልነግርህም» ማለት ያሳፍራልና።

ለማኅበራት ጉዳዩ የሕግ ግዴታም ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰዎችን መረጃ የሚይዝ አካል ደኅንነቱን እንዲጠብቅ ያስገድዳል። የአባላት ስም፣ ስልክ ቁጥርና የሒሳብ ቁጥር የግል መረጃ ነው። ማኅበሩ የመዝገቡን ቅጂ አስቀምጦ ከኾነም አጨዳው ከመድረሱ በፊት በሌላ ኮምፒውተር ከፍቶ ሊሞክረው ይገባል፤ ብዙ ቅጂ የማይከፈት መኾኑ የሚታወቀው በተፈለገበት ቀን ነው።