ተጨማሪ መረጃ፦ የቡና ጥናት ጅማ መቼ ይደርሳል?

እ.ኤ.አ. በ1964 እና በ1965 የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) የላካቸው ባለሙያዎች ከፋንና ኢሉባቦርን ጨምሮ በአገራችን ቡና አብቃይ አካባቢዎች ተዘዋውረው ዘር ሰበሰቡ። ሪፖርታቸው የታተመው በ1968 ነው፤ ያውም ሮም። አጋሮ ወይም ቦንጋ ያለ መምህር ሊያነበው ቢፈልግ ቅጂው በአካል እስኪደርስለት መጠበቅ ነበረበት።

እ.ኤ.አ. በ2017 ግን የለንደኑ የኪው ዕፅዋት ማዕከልና ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች አንድ ጥናት በጋራ አወጡ። ጠንካራ እርምጃ ካልተወሰደ፣ አሁን ቡና ከሚበቅልበት የአገራችን መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶው በአየር ንብረት ለውጥ ሳቢያ ለቡና የማይመች ሊሆን እንደሚችል ይገልጻል። የዚህን ጥናት ማጠቃለያ ጅማ ያለ ተማሪ ለንደን ካለው እኩል በኢንተርኔት ያገኘዋል። ሙሉ ጽሑፍ ማግኘት ሌላ ጉዳይ ነው፤ ብዙ ታላላቅ መጽሔቶች ያስከፍላሉ፣ ዋጋቸውም በዶላር ነው።

የጅማ ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ መጽሔት በዚህ በኩል ይለያል። ፐብሜድ ሴንትራል በተባለው የአሜሪካ ዲጂታል ማኅደር ማንም በነጻ ያነበዋል። ከሁሉም የሚበልጠው ለውጥ ይህ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም፤ ጅማ የሌሎችን ጥናት ተቀባይ ብቻ ሳትሆን ለዓለም አሳታሚም ሆናለች። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው አገር አቀፍ ፖሊሲም የዩኒቨርሲቲዎች ጥናት ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን ያዛል (መብራትና ኔትወርክ ከፈቀዱ ማለት ነው)።

ነጻ ንባብ የራሱ ጣጣ አለው። አንባቢው ያልከፈለውን ብዙ ጊዜ ጸሐፊው ይከፍላል። ክፍያውን ተቀብለው ጽሑፉን በባለሙያ ሳያስገመግሙ የሚያትሙ መጽሔቶችም በኢንተርኔት ሞልተዋል።