ከቀብዱ በፊት፦ የመጀመሪያ ቤታችንን ስንገዛ

ምስጋና ሁሉ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ላይ ይሁን።

ውድ አድማጮቻችን! የዛሬው ርዕሳችን የአንድ ወንድማችን ጥያቄ ነው። ይህ ወንድም ከባለቤቱ ጋር ዘጠኝ ዓመት በኪራይ ቤት ኖሯል። እርሱ ከሱቁ፣ እርሷም ዐረብ አገር ሠርታ ካመጣችው ጥቂት በጥቂት አጠራቅመዋል። አሁን አዲስ አበባ ውስጥ በደላላ በኩል ቤት አግኝተዋል። ሻጩ ግን «ሌላ ገዢ አለኝ፤ እስከ ሐሙስ ቀብድ ካልሰጣችሁኝ ያመልጣችኋል» ይላል። የጎደላቸውን ደግሞ ዘመድ «ከባንክ ተበደሩ» እያለ ይመክራቸዋል። «ምን እናድርግ?» ሲል ጠይቋል።

በመጀመሪያ የምንገዛው ምን እንደሆነ እንወቅ። በ1987 ዓ.ም. በጸደቀው ሕገ መንግሥት መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። እኛ የምንገዛው ቤቱንና በቦታው የመጠቀም መብትን ነው። ስለዚህ ይዞታው ነባር ነው ወይስ ሊዝ? ሊዝ ከሆነስ ያልተከፈለ ስንት ቀርቷል? ይህን ሳንጠይቅ በዋጋ መስማማት የሌላውን ዕዳ መሸከም ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ካርታው ነው። በካርታው ላይ ያለው ስም ከሻጩ መታወቂያ ጋር አንድ መሆኑን እናረጋግጥ። ቤቱ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት ፋይሉ ካለበት ጽሕፈት ቤት እንጠይቅ። ደላላው ባመጣው ፎቶ ኮፒ ብቻ አንርካ። ሻጩ የቀረበው በውክልና ከሆነ ደግሞ ጥንቃቄው እጥፍ ይሁን። ውክልና ባለቤትነት አይደለም፤ ሰጪው ከሻረው ወይም ከሞተ ይቀራል።

ሦስተኛው በቤቱ ላይ መብት ያላቸው እነማን እንደሆኑ ማወቅ ነው። በ1992 ዓ.ም. በወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ መሠረት ባልና ሚስት የጋራ ቤታቸውን መሸጥ የሚችሉት ሁለቱ ሲስማሙ ነው። የውርስ ቤት ከሆነም ወራሾቹ ሁሉ መስማማት አለባቸው። ከወራሾቹ መካከል የቲም ሊኖር ይችላል። የየቲም ሐቅ ያለበት ቤት ውስጥ ገብተን በሰላም እንተኛለን ወይ? ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሰው የራሱ ያልሆነውን እንዳይሸጥ መከልከላቸውም ገዢውን ከዚህ ዓይነቱ ጣጣ ይጠብቀዋል።

አራተኛው ጽሑፍ ነው። ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ፣ የሱረቱል በቀራህ 282ኛው አንቀጽ፣ ዕዳን ስለ መጻፍና ስለ ምስክር የሚያስተምር ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም በአንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲመዘገብ ያዛል። «እንተማመናለን» ተብሎ በመንደር የተጻፈ ወረቀት የኋላ ኋላ ያጣላል። ቀብድም ቀላል ነገር አይደለም። በሕጉ መሠረት ቀብድ ሰጥቶ ውሉን ያፈረሰ ሰው ገንዘቡ ይቀርበታል፤ ተቀብሎ ያፈረሰ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ ማጣራቱ ከቀብዱ ይቅደም።

አምስተኛው የጎደለው ገንዘብ ነው። አላህ (ሱ.ወ.) ንግድን የፈቀደ፣ ሪባን ግን ሐራም ያደረገ መሆኑ በዚያው ሱራ 275ኛ አንቀጽ ላይ ሰፍሯል። በሀገራችን ዘምዘም ባንክ በ2013 ዓ.ም. ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ ሆኖ ሥራ የጀመረ የመጀመሪያው ባንክ ሲሆን፣ ሒጅራ ባንክም ተከትሎታል። ከመንገዶቹ አንዱ ሙራበሓ ነው። ባንኩ ቤቱን አስቀድሞ ገዝቶ የራሱ ያደርጋል፤ ከዚያም የገዛበትን ዋጋና ትርፉን አሳውቆ በየጊዜው በሚከፈል ክፍያ ይሸጥልናል። ዋጋው አንዴ ከተቆረጠ ክፍያ ስለዘገየ አይጨምርም። ስለዚህ «ቤቱን በእርግጥ ቀድማችሁ ትገዙታላችሁ? በመካከል ጉዳት ቢደርስበት ኪሳራው የማን ነው?» ብለን እንጠይቅ። ባንኩ ሳይገዛ ገንዘቡን ብቻ ሰጥቶ በትርፍ የሚያስመልስ ከሆነ ስሙ ተቀየረ እንጂ ነገሩ ያው ነው።

በመጨረሻም ያለንን ሁሉ ለሻጩ አናስረክብ። የስም ማዛወሪያ፣ የቴምብር ቀረጥና የእድሳት ወጪ አለ። ለቤት ብለን ያጠራቀምነው ገንዘብም ኒሷብ ሞልቶ የጨረቃ ዓመት ከዞረበት፣ በብዙኃኑ ዑለማዎች ዘንድ 2.5 በመቶ ዘካ እንደሚወጣበት አንርሳ።

ወንድማችን ሆይ! ለሻጩ «ሰነዱን አጣርተን እንመጣለን» በለው። እውነተኛ ሻጭ ሰነዱ ሲታይ አይከፋውም። አይሆንም ካለ ቤቱ ይለፋችሁ። ከባለቤትህ ጋር ተመካከር፣ ሁለት ረከዓ ሰግደህ ኢስቲኻራ አድርግ፤ ሪዝቅ በአላህ እጅ ነው። የዘጠኝ ዓመት ልፋታችሁን ለአንድ ሐሙስ ብላችሁ አትጣሉ።

አላህ በረካ ያለበት ቤት ይወፍቃችሁ። አሚን! ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።