የሲጋራ ጭስና የግል ነጻነት ወሰን

ሲጋራ በሚጨስበት ክፍል ውስጥ በመስኮት የገባችን የፀሐይ ጨረር የተመለከተ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ከሲጋራው ጫፍ በቀጥታ የሚነሣው ጭስ ወደ ሰማያዊነት ያደላል፤ ከአጫሹ አፍ የሚወጣው ግን ነጣ ያለ ነው። ከጫፉ የሚነሡት ቅንጣቶች እጅግ ደቃቅ በመሆናቸው አጭር የሞገድ ርዝመት ያለውን ሰማያዊ ብርሃን ከቀዩ አብልጠው ይበትናሉ። ሳንባ ደርሰው የሚመለሱት ግን እርጥበት አዝለው ስለሚያድጉ ቀለማቱን ሁሉ በተቀራራቢ መጠን ይበትናሉ። እንግዲህ ቀለሙ ስለ ቅንጣቶቹ መጠን ይነግረናል። መጠናቸው ደግሞ «ማጨስ የግል ነጻነቴ ነው» የሚለውን ክርክር ለመመርመር ይረዳናል።

ክርክሩ በቀላሉ የሚጣል አይደለም። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ስቱዋርት ሚል እ.ኤ.አ. በ1859 ባሳተመው ስለ ነጻነት የሚያትት መጽሐፉ፣ ኅብረተሰብ አንድን ግለሰብ ሊያስገድድ የሚችለው በሌሎች ላይ የሚደርስን ጉዳት ለመከላከል ብቻ እንደሆነ አስረድቷል። የግለሰቡ የራሱ ደኅንነት ለማስገደድ በቂ ምክንያት አይሆንም። በዚህ ከተስማማን ቀጣዩ ጥያቄ የፊዚክስ ነው፦ ጭሱ ከአጫሹ ጋር ይቀራልን?

አብዛኞቹ የሲጋራ ጭስ ቅንጣቶች ከ0.1 እስከ 1 ማይክሮሜትር የሚደርስ ስፋት አላቸው። ለምሳሌ 0.3 ማይክሮሜትር ስፋት ያለውን ቅንጣት እንውሰድ። የስበት ኃይል ወደ ታች ቢስበውም የአየሩ ተቃውሞ ስለሚገታው የሚወርደው በሴኮንድ 4 ማይክሮሜትር ያህል ብቻ ነው። ስለሆነም ፍጹም በረጋ አየር ውስጥ እንኳ አንድ ሜትር ተኩል ለመውረድ ከአራት ቀናት በላይ ይፈጅበታል። ከዚያ አስቀድሞ የሰዎች እንቅስቃሴና የሰውነታቸው ሙቀት የሚፈጥሩት የአየር ሞገድ ወደ ክፍሉ ማዕዘናት ሁሉ ያደርሰዋል። በአንድ አዳራሽ ውስጥ «ለማያጨሱ» ተብሎ የተለየ ጠረጴዛ ሰዎችን ይለያል እንጂ አየሩን አይለይም።

መስኮት መክፈትስ? በሰዓት አንድ ጊዜ የክፍሉን ይዘት የሚያህል ንጹሕ አየር ይገባል እንበል። አዲሱ አየር ከነባሩ ጋር እየተቀላቀለ ስለሚወጣ፣ ማጨሱ ከቆመ ከአንድ ሰዓት በኋላም 37 በመቶ የሚሆነው ጭስ በክፍሉ ይቀራል፤ ከሦስት ሰዓት በኋላ 5 በመቶ። በቡና ቤት ግን አንዱ ሲጨርስ ሌላው ስለሚለኩስ ጭሱ ፋታ አያገኝም።

ጃፓናዊው ተመራማሪ ታኬሺ ሂራያማ ከ90,000 በላይ የማያጨሱ ባለትዳር ሴቶችን ለ14 ዓመታት ተከታትለው፣ ባሎቻቸው በብዛት የሚያጨሱት ሴቶች በሳንባ ካንሰር ይበልጥ እንደሚሞቱ እ.ኤ.አ. በ1981 አሳወቁ። ብርቱ ሙግት ተነሣ፤ ሆኖም ተከታታይ ጥናቶች መደምደሚያውን አጠናክረውታል። የዓለም ጤና ድርጅት በሌሎች ሰዎች ጭስ ሳቢያ በየዓመቱ ከአንድ ሚሊዮን በላይ የማያጨሱ ሰዎች እንደሚሞቱ ይገምታል።

«ጭስ የማይወድ ሌላ ቤት ይሂድ» የሚሉ አሉ። ደንበኛው ይሄድ ይሆናል። አስተናጋጇስ? እንጀራዋ በዚያ ክፍል ነውና ሌሊቱን ሙሉ ያንኑ አየር ትተነፍሳለች። አየርላንድ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2004 መጠጥ ቤቶችን ጨምሮ ዝግ በሆኑ የሥራ ቦታዎች ማጨስን ከዓለም ቀድማ በአገር አቀፍ ደረጃ ስትከለክል ዋና ምክንያቷ የሠራተኞች ጤና ነበር። በአገራችንም አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በዝግ የሥራና የሕዝብ መገልገያ ቦታዎች፣ እንዲሁም ከበርና ከመስኮታቸው በ10 ሜትር ክልል ውስጥ ማጨስን ከልክሏል።

ይሁንና ፊዚክስ ሁሉንም አይወስንም። ደጅ ላይ ጭሱ ከብዙ አየር ጋር ተቀላቅሎ በፍጥነት ይሳሳል፤ ስለዚህ 10 ሜትር የሕግ አውጪው ምርጫ እንጂ የተፈጥሮ ሕግ አይደለም፤ ልንከራከርበትም እንችላለን። አዋጁም ቢሆን ማጨስን ራሱን አልከለከለም፤ የሚጨስበትን ቦታ ወሰነ እንጂ።

አንባቢያን ነገሩን በቤታቸው ሊፈትኑት ይችላሉ። ቡና ሲፈላ ከዕጣኑ ርቀው ይቀመጡና ሽታው እስኪደርስዎት ያለውን ጊዜ ይቁጠሩ። ዕጣኑን ወደው ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ላለመተንፈስ ምን ምርጫ ነበረዎት?