የሚጥል በሽታን ሐኪም እንዴት ይለያል?

ሰው መንገድ ላይ ወድቆ ሲንዘፈዘፍ ከከበበው ሕዝብ መሃል አንዱ ክብሪት ጭሮ አፍንጫው ሥር ያስጠጋል። ጥቂት ቆይቶ መንዘፍዘፉ ይቆማል፤ ክብሪቱም ይመሰገናል። ግን አብዛኛው መንዘፍዘፍ ከአንድ እስከ ሦስት ደቂቃ ውስጥ በራሱ ያበቃል፤ ክብሪት ቢጫርም ባይጫርም ያው ነው።

ሐኪሙ ከዚያ ሕዝብ መሃል አጥብቆ የሚፈልገው ልብ ብሎ ያየ ሰው ነው። ታማሚው ራሱን ስቶ ስለነበር የሆነውን አያውቅም። ሐኪም ቤት ሲደርስ ደግሞ ብዙ ጊዜ ምንም ያልነካው ይመስላል።

የአንጎል ነርቮች የሚነጋገሩት በደካማ ኤሌክትሪክ ነው። በጤና ጊዜ እያንዳንዱ የየራሱን ሥራ ይሠራል፤ ሕመሙ ሲነሣ ግን ብዙዎቹ ባንድ ጊዜ ይቀሰቀሳሉ። ምልክቱን የሚወስነው ሁከቱ የተነሣበት ቦታ ነው። እጅን ከሚያዝዘው ክፍል ከጀመረ አስቀድሞ የሚንቀጠቀጠው አንድ እጅ ነው። በጆሮ በኩል ካለው ክፍል ከጀመረ ከሆድ ወደ ደረት የሚወጣ እንግዳ ስሜት ይመጣል፤ ሰውየው ይፈዛል፣ ባዶ አፉን ያላምጣል። ሳይጥል የሚያልፍም አለ። ትምህርት ክፍል ውስጥ ለጥቂት ሰኮንዶች ፈዛ የምትመለስ ልጅ ይኸው ሕመም ሊኖርባት ይችላል፤ ሰነፍ ተብላ መቀጣቷ በጣም ያሳዝነኛል።

ስለዚህ ጥያቄው ይበዛል። ከየት ጀመረ? ዓይኑ ተገልጦ ነበር ወይስ ተጨፍኖ? ፊቱ ምን መሰለ? ምላሱን ነከሰ? ከነቃ በኋላ ሰው ለየ? ፀሐይ ላይ ብዙ ቆሞ፣ ፊቱ ገርጥቶ፣ ዓይኑ ጨልሞበት የወደቀ ሰውም ጥቂት ሊንዘፈዘፍ ይችላል። ወደ አንጎሉ የሚሄደው ደም ለአፍታ አንሶበት ነውና ቶሎ ይነቃል፣ የት እንዳለም ያውቃል። በሚጥል በሽታ ግን ሰውነት መጀመሪያ ይገተራል፣ ከዚያ ይንዘፈዘፋል፤ ዓይን አብዛኛውን ጊዜ እንደተገለጠ ነው፣ የምላስ ጎን ሊነከስ ይችላል፣ ከነቁም በኋላ ግራ መጋባቱ ደቂቃዎች ይቆያል። የስኳር ማነስ፣ አንጎል ላይ የወጣ ወባ፣ ብዙ ይጠጡ የነበረውን አልኮል ድንገት መተውም ያንዘፈዝፋሉ። የሚጥል በሽታ የሚባለው በአብዛኛው እንዲህ ያለ ቀስቃሽ ሳይኖር ከ24 ሰዓት በላይ ተራርቆ ሁለት ጊዜ ሲከሰት ነው።

ማሽኑስ? ጀርመናዊው ሐኪም ሐንስ በርገር በየና ከተማ የሰውን አንጎል ኤሌክትሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ የመዘገበው በ1924 እ.ኤ.አ. ነው። ኢኢጂ የምንለው ምርመራ ከዚያ መጣ። ራስ ላይ የሚለጠፉት ሽቦዎች የሚይዙት በቮልት ሚሊዮንኛ የሚለካ ኃይል ነው። ከግድግዳ ማዶ የሠርግ ቤት እንደ ማዳመጥ ይሆናል፤ ሁሉም ባንድ ላይ ሲዘፍን ይሰማል፣ የሁለት ሰው ወሬ ግን አይለይም። ምርመራው በሚደረግበት ሰዓት ሁከት ከሌለ ወረቀቱ ንጹሕ ሊወጣ ይችላል፤ ንጹሕ ወረቀት ደግሞ በሽታው የለም ማለት አይደለም። የአንጎልን ምስል የሚያነሣው ኤምአርአይ የሚታዘዘው ጠባሳ ወይም ዕጢ እንዳለ ለማየት ነው።

እንግዲህ ሰው ሲወድቅ ካያችሁ ከእሳትና ከድንጋይ አርቁት፤ ለመንካት አትፍሩ፣ በሽታው በንክኪም ከአፍ በሚወጣ አረፋም አይተላለፍም። በጎኑ አስተኙት፣ አፉ ውስጥ ምንም አትክተቱ፣ ሰዓት ያዙ። 5 ደቂቃ ካለፈ ሳትጠብቁ ሐኪም ቤት ውሰዱት። ሌላ የሚረዳ ሰው ካለ ቤተሰብ በስልክ ይቅረጸው፤ ለሐኪሙ ከብዙ ገለጻ ይበልጥበታል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በትክክል ከታከሙ እስከ 70 በመቶ የሚደርሱት ሳይጥላቸው መኖር ይችላሉ። ከ1912 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለዚህ ሕመም የሚሰጠው ፌኖባርቢታል ዛሬም ርካሽ ነው። ጠበል የሚሄድም ሰው ክኒኑን ይዞ ይሂድ፤ መድኃኒቱን ድንገት ማቋረጥ የማያባራና ለሕይወት የሚያሰጋ መንዘፍዘፍ ሊያመጣ ይችላል።